የሐረና ደን ጉዞ፦ ‹‹ዘርዝሩልኝ›› ማለት ያዋጣል

በባሌ ተራሮች ድንኳን ተክሎ ሦስት አራት ቀን ለመሰንበት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ጠቅላላው ስንት ነው?›› ብሎ ነው። ጥያቄው የነጋዴ ነው፤ ችግሩ መልሱ ላይ ነው። በጥቅል በሚነገረው ዋጋ ውስጥ የመኪናው ኪራይ፣ ነዳጁ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ ድንኳኑና የፓርኩ መግቢያ ተቀላቅለው ስለሚገቡ የቱ እንደተወደደ አይለይም።

ከሁሉም የሚከብደው መኪናው ነው። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እስካለበት ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በሮቤና በጎባ አልፎ፣ ሳነቴን ተሻግሮ ሐረና ደን ውስጥ ያለችው ሪራ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመራል። ደርሶ መልሱ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዕቃ የጫነ ላንድክሩዘር በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ቢጠጣ 150 ሊትር ይፈልጋል። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። አራት ሰው ቢካፈለው ለአንዱ 37 ሊትር ተኩል፣ ሁለት ሰው ከሆነ 75 ሊትር ይደርሰዋል። በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዝቶ ማየት ነው። እንግዲህ የጉዞው ዋጋ የሚወሰነው በመኪናው ውስጥ ባሉት ሰዎች ብዛት ነው ቢባል ስሕተት የለውም።

ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ አዲስ ገዝቶ በዓመት አንዴ መጠቀም የሚያዋጣ አይመስለንም። መከራየት ይሻላል። ሲከራዩ ግን ዚፑን፣ ካስማውንና የውኃ መከላከያ ሸራውን እዚያው ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል። ሳነቴ ላይ ሆኖ ‹‹ዚፑ አይዘጋም›› ማለት ለማንም አይበጅም።

ወሩን መምረጥም ገንዘብ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚያ ወጥቶ ማደር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ከ3,000 ሜትር ትንሽ ከፍ በምትለው ዲንሾ ማሳለፍ፣ የደጋ አጋዘኑን (ኒያላውን) እዚያው ማየት፣ በማግሥቱ ሳነቴን በቀን ተሻግሮ ቀይ ቀበሮውን ፈልጎ፣ ለአዳር ሞቅ ወዳለው ሐረና መውረድ የተሻለ ዕቅድ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ የሚገኙትም እዚሁ ባሌ ነው። ከመነሣት በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

አንባቢያችን ሊያጤነው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ነዳጁና ኪራዩ አዲስ አበባ ሲቀር፣ ደኑ አጠገብ ለሚኖረው ሰው የሚደርሰው የመንገድ መሪው፣ የፈረሱና የምግብ ማብሰያው ክፍያ ብቻ ነው። ጥቅል ዋጋ ላይ ሲደራደሩ መጀመሪያ የሚቆረጠውም ይኸው ነው። በእኛ ግምት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ከደኑ ገቢ የማያገኝ ገበሬ ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት ይሳሳል። በአዳባና በዶዶላ በጀርመን መንግሥት ዕርዳታ ተጀምሮ የነበረው የደን ነዋሪዎች ማኅበር ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን እየመደበ ያስጠብቅ የነበረው በዚሁ ሒሳብ ነበር። ስለዚህ ፈረሱንና መሪውን ዲንሾ ላይ በቀጥታ መከራየት፣ ክፍያውንም በእጅ መስጠት ይመረጣል። ድንችና እንቁላሉን፣ ጭኮውንም ሮቤና ጎባ መግዛት ይቻላል። ጭኮ አይበላሽም፣ እሳትም አይፈልግም።

ስለ እሳት ከተነሣ፣ ቡታጋዝ ወይም የላምባ ምድጃ ይዞ መሄድ ግድ ነው። በ1992 ዓ.ም. በጋ የባሌን ደኖች የበላው ቃጠሎ አይረሳም። ደረቁ ወራት ለተጓዥ እንደሚመች ሁሉ ለእሳትም ይመቻል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ የሚመጣው ሰው ሲጨምር፣ ማገዶ እየቆረጡ ማደር የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ሐረና ቡና በዱር የሚበቅልበት፣ ቀፎም ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት አገር ነው። ማሩን ከገበሬው እጅ መግዛት ይቻላል። ቡናውን ግን የንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ለቤቱ ከሚበቃው በላይ ባይጭን ይሻላል፤ ኬላ ላይ የሚያስይዝ ነገር ነው። ጎባ ላይ ደግሞ ታንኩን ሳይሞሉ ወደ ሳነቴ መውጣት አይገባም።