አደይን በጓሮ ስለ ማልመድ

ድንክ ቱሊፕ ከማዕከላዊ እስያ ተራሮች የወጣ አበባ ነው፤ ሽንኩርት መሰል ሥሩ 3 ወር ያህል የማያቋርጥ ብርድ ካላገኘ በደኅና አያብብም። የመካነ ሰላምን ብርድ ግን ሌሊት ቢመጣ ፀሐይ ታባርረዋለች። ስለዚህ ለደጋችን ጓሮ የምንመርጠው አደይን ነው።

አደይ ሥሩ ከርሞ አያቈጠቍጥም፤ በክረምት ከዘር ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። እንግዲህ ለእንቍጣጣሽና ለደመራ ሁሉንም ነቅለን ብንወስደው የከርሞውን ዘር አብረን ነቀልን ማለት ነው። የእርሻ ድንበር ሲታረስም ማደሪያ ያጣል።

መላው ቀላል ነው፤ ግማሹን ሳንነካ እንተው። አበባው ሲደርቅ ዘሩን ለቅመን በደረቅ ስፍራ እናኑር። በሰኔ አፈሩን በስሱ ጭረን እንበትነው። ቡቃያውንም ከአረም ለይተን እንወቅ፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን ይዘራል።