መምህር ያልተመደበለት ፈተና

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሳምንት ፕሮግራሙን ቢያሳያችሁ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ታገኙበታላችሁ። አፕቲትዩድ ግን የለም። በብሔራዊ ፈተናው ላይ አፕቲትዩድ ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ከ600 ነጥብ 100 ይይዛል። መጽሐፍ አልታተመለትም፣ ክፍለ ጊዜ የለውም፣ የሚጠየቅበት መምህርም የለም። ይህን ክፍተት ለዓመታት የሞላው አስጠኚው ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የድሮውን የማትሪክ ሥርዓት ለውጦ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ከሆኑ በኋላ የመጣው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከትምህርቶቹ ጎን አፕቲትዩድን ይዞ መጣ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ታሪክና ባዮሎጂ ተማሪው የተማረውን ይለካሉ፣ አፕቲትዩድ ደግሞ ወደፊት ሊማር የሚችለውን። በዚህ አስተሳሰብ ለፈተናው መዘጋጃ ማቅረብ ራሱ ትርጉም የለውም። ወላጅ ግን እንዲህ አያስብም፤ መቶ ነጥብ የሚያስገኝ ነገር ከሆነ ገንዘብ ከፍሎ ያስጠናል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ ያ ነጥብ ይበልጥ ከበደ። በዚያ ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ።

ሕግ ለማጥናት ለሚፈልግ ልጅ ነገሩ ድርብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕግ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ስለሚጠና ኤልሳት የሚባል የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፤ ከእ.ኤ.አ. 1948 ጀምሮ ይሰጣል፣ ዋናው ጉልበቱም ምክንያታዊ አስተሳሰብን መፈተኑ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ዛሬ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ሆኖ ይሰጣል። ተማሪው በ12ኛ ክፍል ውጤቱ ይገባል፣ የፍሬሽማን ዓመቱን በጋራ ኮርሶች ያሳልፋል፣ ከዚያ በውጤቱና በምርጫው ይመደባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን በራሱ ማስተዳደር ከጀመረ ወዲህ የራሱን የቅድመ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ይሰጣል። ሁለተኛ ዲግሪ የሚያምረው ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ተፈታኞች ጋት በሚሉት፣ ማለፍ አለበት። የሎጂክ ጥያቄ እንግዲህ አንዴ ተሻግረውት የሚረሱት ነገር አይደለም።

ጥያቄው ምን ይመስላል? አንድ ምሳሌ እንይ። «አሸዋ ሜዳ ላይ መንገድ ከተዘጋ ተማሪው ያረፍዳል። ዛሬ ተማሪው አርፍዷል። ስለዚህ መንገዱ ተዘግቶ ነበር።» ብዙ ሰው ራሱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። ግን ድምዳሜው አይከተልም፤ ልጁ እንቅልፍ ጥሎት ሊሆን ይችላል። ይህን ስሕተት ከታክሲ ወረፋ አውጥታችሁ ችሎት ውስጥ አስገቡት፦ «ገዳይ ከሆነ ይሸሻል፤ ተከሳሹ ሸሽቷል፤ ስለዚህ ገዳይ ነው።» ሰው በፍርሃትም ይሸሻል። ሕግ ትምህርት ቤቶች ይህን ችሎታ የሚፈልጉት ለጌጥ አይደለም፤ ከማስረጃ ወደ ድምዳሜ የሚወስደው መንገድ የት ላይ እንደተቆረጠ ማየት የጠበቃውም የዳኛውም የዕለት ሥራ ነው። በላ ልበልሃ እያሉ ይሟገቱ የነበሩ ሰዎች አገር ውስጥ ይህ ከውጭ የመጣ ዕውቀት ነው የሚል ካለ፣ አያቶቹን አልጠየቀም።

ይህ ችሎታ በጥናት ይሻሻላል ወይ የሚለው ክርክር ሌላም አገር ብዙ ዘመን ቆይቷል። ስታንሊ ካፕላን የሚባል የብሩክሊን ሰው እ.ኤ.አ. በ1938 በወላጆቹ ቤት ማስጠናት ሲጀምር፣ ፈተና አዘጋጆቹ የተፈጥሮ ችሎታ በአስጠኚ አይለወጥም ባዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ ማስጠናት ውጤትን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አሳየ፤ ጭማሪው ግን ተአምር የሚባል አልነበረም። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። የጥያቄውን ቅርጽ መለየት፣ ሰዓት መቆጠብ፣ «ሁሉም»ንና «አንዳንድ»ን አለማምታታት በጥቂት ወራት ይለመዳል። የማይለመደው ሌላ ነው።

ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንመለስ፤ ሦስቱ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሆነዋል። «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ማየት እዚህም እንደ አዲስ አበባ የተለመደ ነው። አስጠኚው ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ሥራ ያላገኘ የምሕንድስና ምሩቅ ነው። በቁጥሩ በኩል ጎበዝ ነው፤ ተከታታይ ቁጥር፣ ጥምርታ፣ ሠንጠረዥ ያስጨብጣል። የቃላት ዝምድናና የሎጂክ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ግን የመልስ ቁልፉን አንብቦ ያልፋል፤ መልሱ ለምን «ለ» እንደሆነ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ የቡራዩው በአስኮ፣ የሰበታው በአየር ጤና፣ የሱሉልታው እንጦጦን ተሻግሮ። የሌለው ከቴሌግራም ያወረደውን ወርክሺት ይሠራል።

በጥቂት ወራት የማይለመደው ቋንቋው ነው፤ ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምሮ 9ኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ነው። «አሸዋ ሜዳ ላይ መንገድ ከተዘጋ» የሚለውን ጥያቄ በቋንቋው ብትጠይቁት ስሕተቱን ሊነግራችሁ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ስትጠይቁት ግን መጀመሪያ የሚወድቀው ቃሉ ላይ ነው። ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተማረ ወላጅ ይህን ጥናት አስቀድሞ ገዝቶታል፤ በ12ኛ ክፍል የሚቀጠር አስጠኚ አይደርስበትም። ፈተናው የማሰብ ችሎታን ለብቻው ይለካል የሚባለው እዚህ ላይ ያነክሳል።

ሰበታ ደግሞ ፈተናው ምን እንደሚለካ ለመጠየቅ ሌላ ምክንያት አላት። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ፣ መርሐ ዕውራን፣ ከአገሪቱ ቀደምት መሰል አዳሪ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ለዓይነ ስውር ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስ መንገድ በአብዛኛው ዝግ በመሆኑ ሕግ ከሚቀሩት ጥቂት ትልልቅ ምርጫዎች መካከል ነው። ጥያቄው በአንባቢ እየተነበበለት አምስት ሁኔታዎችን በጭንቅላቱ ይዞ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ የሚሠራ ልጅ የሚፈተነው በሎጂክ ነው ወይስ በማስታወስ? አሜሪካ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሥዕል እየሣሉ የሚሠሩት የኤልሳት ጥያቄዎች ያገሉኛል ብሎ አንድ ዓይነ ስውር አመልካች ከሰሰ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2019 በስምምነት ተቋጨ፣ ያ ክፍል ከነሐሴ 2024 ፈተና ጀምሮ ወጥቶ ተጨማሪ የሎጂክ ክፍል ተተካበት። ፈተና ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ይለወጣል።

በእኛ አገር የሚገርመው ግን የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የጋራ ኮርስ ሆነ፤ ማስተማሪያ ሞጁል ተዘጋጀለት፣ መምህር ተመደበለት። መነሻና ድምዳሜ፣ የሕፀፅ ዓይነቶች፣ ሁሉም እዚያ አለ። የሚማሩት ግን ፈተናውን አልፈው የገቡት ናቸው። በሩ ላይ የተመለሰው ልጅ የተመለሰበትን ነገር አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ሳይማር ይቀራል። የዚያን ሞጁል ግማሽ 11ኛ ክፍል ላይ፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ልጁ በሚናገረው ቋንቋ ጭምር ማስተማር አዲስ ተቋም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰው ነው፤ ሰውም አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፍልስፍና ምሩቃን ያወጣሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ፍልስፍና የሚባል ትምህርት ስለሌላቸው የሚቀጥሩበት መደብ የላቸውም።