ዝና የለሽ ወይስ ክብር የለሽ? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል



ዛሬ የማነሣው «ኢንግሎሪየስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። መነሻዬ አንዲት የትርጉም መልመጃ ናት። ዓረፍተ ነገሯ በሐዲያና በከምባታ ሸክላ ስለሚሠሩ ሴቶች ትናገራለች፤ ኑሯቸውንም በዚሁ ቅጽል ትገልጻለች። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ «የተዋረደ ኑሮ» ብለው ተረጎሙት። ጸሐፊው ለማለት የፈለገው ግን «ስሙ ያልተነሣ ኑሮ» ነበር።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ግሎሪያ» በሚለው ላይ አፍራሹ «ኢን» ተጨምሮበታል። ግሎሪያ ዝናንም ክብርንም በአንድነት ይይዛል። አማርኛችን ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዝነኛ ሆኖ ያልተከበረ፣ ተከብሮም ከመንደሩ ውጭ የማይታወቅ ሰው አለ። ስለዚህ ተርጓሚው የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ ሳይወስን አንድ ቃል እንኳ ሊጽፍ አይችልም።

የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ ቅጽሉ የሚገልጸው ስም ነው። ሽሽትን ወይም ሽንፈትን ሲገልጽ ነውር አለበት፤ ጄኔራል ባራቲዬሪ እ.ኤ.አ. በ1896 ዐድዋ ላይ የደረሰበት ሽንፈት በዚህ ቅጽል ቢገለጽ «አሳፋሪ» እንላለን። ቶማስ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1751 ባሳተመው የገጠር መካነ መቃብር እንጉርጉሮ ግን ቃሉን ያዋለው ተሰጥኦ እያለው ሳይታወቅ ላለፈ ሰው ነው፤ ወቀሳ የለበትም። ይህ ፍቺ በዛሬው እንግሊዝኛ ስለ ሳሳ በተማሪዎቼ አልፈርድም።

ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ልመለስ። «ፉጋ» እየተባሉ ከጋብቻና ከመሬት ባለቤትነት ተገልለው ኖረዋል። የሠሩት ጀበናና ምጣድ በየቤቱ ይገባል፤ ሠሪዋ ግን ደጅ ትቀራለች። ተዋርደዋል ቢባል ሐሰት አይደለም። ሆኖም ማዋረድ የአዋራጁ ተግባር ነው፤ «የተዋረደ ኑሮ» ስንል ግን አዋራጁ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣና ነውሩ የሴቶቹ ባሕርይ መስሎ ይቀራል።

እኔም መልመጃውን «ስማቸው ያልተነሣ» ብዬ አረምሁ። የዱራሜ ልጅ የሆነች ተማሪ እጇን አነሣችና፣ «መምህር፣ ስማቸውማ ዘወትር ይነሣል፤ ለስድብ ነው እንጂ» አለችኝ። እርማቴን ሰርዤ «ሥራቸው ያልተመሰገነ» ብዬ ጻፍሁ።