ምዕራፍ 7፦ ፕሮሰሰር ከመግዛትዎ በፊት ማዘርቦርዱን ይወቁ

ውጫሌ ላይ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ የጀመረ ሰው፣ ማሽኑ ሲንቀራፈፍበት መጀመሪያ የሚያስበው ፕሮሰሰሩን መቀየር ነው። ከደሴ፣ ወይም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው አዲስ አበባ ያስመጣው ዕቃ አልሠራ ቢለው ግን ገንዘቡም ጊዜውም ባከነ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ስሕተት ይበልጥ ያስከፍላል።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ አብረው እንዲሠሩ ሦስት ነገር መሟላት አለበት። የመጀመሪያው ሶኬት ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ። ሁለተኛው ቺፕሴት ነው፤ ማዘርቦርዱ ከየትኞቹ ፕሮሰሰሮች ጋር እንደሚሠራ የሚወስነው ክፍል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሶኬቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ይሠራል ብለው ይገዛሉ። የኢንቴል 7ኛና 8ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሁለቱም ኤልጂኤ 1151 የሚባለውን ሶኬት ይጠቀማሉ፤ ሆኖም 8ኛው ትውልድ ለ7ኛው በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ እንዲሠራ አልተደረገም።

ሦስተኛው ባዮስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጡ ብዙ የኤኤምዲ ኤኤም4 ማዘርቦርዶች፣ ባዮሳቸው ሲታደስ ከዓመታት በኋላ የመጡትን የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች ተቀብለዋል። እድሳቱ ግን በአብዛኛው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል መሠራት አለበት። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አይሞክሩት።

አዲስ ለሚገዛ ሰው ዋናው ጥያቄ ሶኬቱ ወደፊት ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 12ኛውን፣ 13ኛውንና 14ኛውን ትውልድ ካስተናገደ በኋላ በ2024 ቦታውን ለኤልጂኤ 1851 ለቀቀ። በ2022 ለወጣው ኤኤም5 ግን ኤኤምዲ እስከ 2027 እና ከዚያም በኋላ ድጋፍ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሆነ በእጅዎ ያለው ዲዲአር4 አያገለግልም።

አሮጌ ማሽን ይዘው ለመቆየት ካሰቡ፣ ገንዘብዎን ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር አብሮዎት በሚሻገር ዕቃ ላይ ያውሉ። ኤስኤስዲ፣ ስክሪንና ዩፒኤስ ይሻገራሉ፤ ፕሮሰሰር ግን ማዘርቦርዱ ሲያረጅ አብሮት ይቀራል። በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ማሽን ብዙ ጊዜ ኤስኤስዲ ሲገባለት ብቻ ፍጥነቱ በግልጽ ይሻሻላል። የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ለ6ኛ ወይም ለ7ኛ ትውልድ ማሽን ውድ ፕሮሰሰር መግዛት አያዋጣም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል ቁጥር ይጻፉ፤ የዴል ወይም የኤችፒ የቢሮ ማሽን ከሆነ የኮምፒውተሩን ሞዴል ይያዙ። አምራቹ ካወጣው የሚደገፉ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ፕሮሰሰር የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።