ስለ ወንዙ ማን ይክሰስ?

ከዊንጌት ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ይህን ጭውውት ሳይሰማ አይቀርም። አስኮ አካባቢ ታክሲው ወንዝ ሲያቋርጥ መስኮት ይዘጋል፤ አንዲት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ አንዱ «ይህ አገር እኮ ሕግ የለውም» ይላል፤ የቀረው ተሳፋሪ በዝምታ ይስማማል። ስለ ሽታው እኔም እስማማለሁ። ስለ ሕጉ ግን አልስማማም። ይህን የምለው ሕግ ስለተማርኩ ብቻ አይደለም። «ሕግ የለም» የሚለው አባባል የሚጠቅመው ፍሳሹን የሚለቀውንና ሲለቀቅ ዝም ብሎ የሚያየውን ነው። ሕግ ከሌለማ ማን ይጠየቃል?

ሕጉ እነሆ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በኅዳር 1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጣ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 519 ሕግ ጥሶ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀ ሰው እስከ አምስት ዓመት፣ ድርጊቱ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለ ደግሞ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 159/2001 በተለይ ፋብሪካዎችን የሚመለከት ሥርዓት ዘረጋ። አዲስ አበባ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የራሷን የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ አወጣች። በዚህ ሁሉ ወረቀት አንድ ግድብ ሳይሠራ አይቀርም ነበር!

አዋጅ 300 በተለይ ለቃሉ ጥርስ አለው። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገቢ ነው ባለው ሰዓት ፋብሪካ ግቢ መግባት፣ ናሙና በነጻ መውሰድ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት ይችላል። ለቤታችን ብርበራ ፖሊስ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ይህ ሰው አያስፈልገውም። የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይገደዳል። በሰው ጤና ላይ አደጋ ካለ ተቋሙን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ መውሰድ ይቻላል።

ታዲያ አስኮ ላይ ምን ይወርዳል? በዚህ አቅጣጫ ወደ ትንሹ አቃቂ የሚገባው ውኃ በመኪና እጥበት፣ በጋራዥ ዘይት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የተበከለ ነው። ፋብሪካ ብቻ ነው ጥፋተኛው የሚል ሰው ራሱን ነጻ ለማውጣት የሚፈልግ ነዋሪ ነው። ይሁን እንጂ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ በተለይ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የተለየ ጉዳይ ነው። ጥሬ ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል፤ ጸጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይወልቃል፤ ከዚያ በክሮሚየም ይለፋል። ለአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ከ30 እስከ 40 ሜትር ኪዩብ ውኃ ይፈሳል፤ በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮሚየም ሲሶ ያህሉ ቆዳው ላይ ሳይያዝ ከውኃው ጋር ይወጣል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሰልፋይዱ ነው። ክሮሚየሙ ግን አይሸትም፤ እንደ ሰገራም በጊዜ ብዛት ፈርሶ አያልቅም፤ ደለሉ ላይ ይተኛል። ከአስኮ በታች፣ መካኒሳንና ጎፋን አልፎ እስከ አቃቂ ድረስ፣ በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ታክሲው ውስጥ አፍንጫችንን የያዝንበት ውኃ እሑድ ገበያ ላይ በጎመን መልክ ይጠብቀናል።

ይህን ሁሉ የያዘ ሕግ የት ላይ ይሰናከላል? አንዱ መሰናክል ማስረጃ ነው። ሽታ ማስረጃ አይደለም። ጠበቃ የሚፈልገው በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ቧንቧ፣ በማን ፊት፣ በምን ዕቃ የተቀዳ ውኃ እንደሆነ ነው። ፍሳሽ ደግሞ እንደ ሰው ተጠርቶ የሚመጣ ምስክር አይደለም። ቀን ማጣሪያው ይሠራል፣ ሌሊት ይዘጋል፤ በበጋ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው ሐምሌ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ይለቀቃል። ናሙናው በቅዝቃዜ ካልተያዘ በአንድ ቀን ውስጥ ሌላ ውኃ ይሆናል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚበላ የሚለካው የተለመደ ምርመራ ብቻውን አምስት ቀን ይፈጃል። ሦስት ድርጅቶች በአንድ ቦይ ሲለቁ ደግሞ እያንዳንዱ «የጎረቤቴ ነው» ይላል። ይህ መልስ በወንጀል ችሎት ያዋጣል፤ ጥርጣሬ ለተከሳሽ ነውና። ስለዚህ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚመጣ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን የያዘና ከግቢው መውጫ ላይ የሚቀዳ ተቆጣጣሪ ከሌለ አንቀጽ 519 የመማሪያ ክፍል ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ገንዘብ ነው። አዋጅ 300 ለድርጅቶች ያስቀመጠው የመቀጮ ጣሪያ በአሥር ሺዎች ብር የሚቆጠር ነው። በ1995 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለማጣሪያ ጣቢያ ከሚያስፈልገው የኬሚካልና የመብራት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ሒሳብ ሹሙ በአነስተኛ ወጪ መዝገብ የሚይዘው ነው። የከተማዋ አዲስ ደንብ ቅጣቱን ወደ መቶ ሺዎች ማሳደጉ በዚህ ረገድ ትክክል ነው። የሚያሳስበኝ ግን አፈጻጸሙ ባብዛኛው በደንብ አስከባሪዎች እጅ መውደቁ ነው። ደንብ አስከባሪ ወንዝ ዳር ቆሻሻ የደፋን ሰው እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ይጠቅማል፤ የክሮሚየም መጠንን ለማረጋገጥ ግን ዓይን አይበቃም። አሠራሩ ካልተጠናከረ ቅጣቱ የሚያርፈው በሚታየው ላይ፣ ማለትም ባልዲ በያዘችው እናት ላይ ይሆናል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ደንብ 159 ሲወጣ ነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እንዲያሟሉ አምስት ዓመት ሰጥቷቸው ነበር። ያ ጊዜ በ2006 ዓ.ም. አብቅቷል። ችሮታው ካበቃ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ግን በየስብሰባው «ጊዜ ይሰጠን» ይባላል። እስከዚያው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ስም ሲቀይር ነበር። በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ኮሚሽን፤ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን። አንድ መዝገብ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ምን እንደሚሆን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ወንዙም ለአንድ አስተዳደር አይገዛም፤ ከኦሮሚያ ተነሥቶ አዲስ አበባን አቋርጦ ተመልሶ ኦሮሚያ ይገባል፤ አባ ሳሙኤል ደርሶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ላይኛው ታችኛውን፣ ታችኛው ላይኛውን ይከሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 በአገራችን ሕግ ውስጥ ብርቅ የሆነ ድንጋጌ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን ለመክሰስ ጥቅም ወይም መብት ያስፈልጋል፤ «አንተን ምን አገባህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖርህ ይገባል። አንቀጽ 11 ይህን ጥያቄ ሰረዘው። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ማንኛውም ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አቤት ባዩ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የቦሌ ነዋሪ ስለ አስኮ ወንዝ መክሰስ ይችላል ማለት ነው።

ይህን በር የሞከረው አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲየሽን ፎር ዘ ፒፕል (በአጭሩ አፓፕ) የተባለው ማኅበር ነው። የአቃቂና የሞጆ ወንዞች በፋብሪካ ፍሳሽ ሲበከሉ ባለሥልጣኑ ግዴታውን አልተወጣም ብሎ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 1999 ዓ.ም. መዝገቡን ዘጋ። በካዩ ባለሥልጣኑ አይደለም፤ መክሰስ ያለባችሁ የሚበክለውን ነው የሚል ነበር መንፈሱ። ይግባኙም ይህን አልለወጠውም።

አንቀጹን በጠባቡ ላነበበ ሰው ውሳኔው የሚያስኬድ ይመስላል። ውጤቱን ግን እንየው። ዜጋው ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተ፤ መሥሪያ ቤቱ 30 ቀን ዝም አለ። ዜጋው አሁን ፋብሪካውን ይክሰስ ተባለ። በምን ማስረጃ? ያለ ማስጠንቀቂያ ግቢ የመግባትና ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ያለው ያው ዝም ያለው መሥሪያ ቤት ነው! ዜጋው ከአጥር ውጭ ቆሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ይቅዳ? ዝም ያለው መሥሪያ ቤት በዝምታው ምንም አይከፍልም፤ ዝምታው የሚያስከፍለው ያመለከተውን ሰው ነው። ሕግ አውጪው የሠላሳ ቀን ገደብ ያስቀመጠው ለጌጥ ካልሆነ፣ ገደቡን ያላከበረውን የሚያስጠይቅ መንገድ መኖር ነበረበት። የፌዴራል አስፈጻሚ አካላት ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚከለስበትን ሥርዓት የዘረጋው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በ1999 ዓ.ም. አልነበረም። ዛሬ ተመሳሳይ ክስ የሚያቀርብ ጠበቃ በተሻለ መሬት ላይ ይቆማል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ግን ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከአንድ ማኅተም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈር ሽማግሌዎች አቤቱታ እንዳዘጋጅላቸው ጠይቀውኝ፣ አብሬያቸው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ወረቀቱን በትሕትና ተቀበለች። ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም እንድታደርግልን ስንጠይቅ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ «ኃላፊውን ላናግር» ብላ ገባች። ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ። በሦስተኛው ምልልስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ልጄ፣ ማኅተሙ የሚያስፈራችሁ ከፍሳሹ በላይ ነው እንዴ?» አሏት። እሷም ሳቀች፤ ማኅተሙ ግን የተገኘው በአራተኛው ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ አንባብያን ይህን አትናቁት፦ የቦታውን ስም፣ የለቀቀውን ድርጅት፣ ያያችሁበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ በሁለት ቅጂ አስገቡ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ይኑር። አልቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላኩ። ያለዚያ የሠላሳው ቀን ሰዓት አይነሣም።

«ሥራ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። አስኮ ከቆዳና ከጫማ ሥራ ጋር ለረጅም ዘመን የኖረ ሰፈር ነው፤ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በዚያ ደመወዝ ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ክርክር እ.ኤ.አ. በ1987 በካንፑር የቆዳ ፋብሪካዎች ጉዳይ ሰምቶታል። መልሱ ጠንካራ ነበር፤ ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ መትከል የማይችል የቆዳ ፋብሪካ መሥራቱን መቀጠል አይችልም፣ የገንዘብ አቅም ማነስ ምክንያት አይሆንም አለ። ያን ጊዜ የከሰሰው ጠበቃ ኤም. ሲ. መህታ ከጋንጀስ ዳር የሚኖር ገበሬ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱ ግን «ምን አገባህ?» አላለውም።

መዝጋት ወይም ማዛወር ብቻውን ግን አይበቃም። ባንግላዴሽ ዳካ ውስጥ ሃዛሪባግ የተባለውን የቆዳ ፋብሪካዎች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2017 መብራትና ውኃ ቆርጣ አዘጋችው፤ ፋብሪካዎቹ የጋራ ማጣሪያ ወደተሠራለት ሳቫር ተዛወሩ። የጋራ ማጣሪያው ግን በሚገባ አልሠራም፤ ብክለቱ ወንዝ ቀይሮ ዳሌሽዋሪ የተባለው ወንዝ ዳር ሰፈረ። ፋብሪካ ከከተማ ሲወጣ ደስ ለሚለን የአዲስ አበባ ሰዎች ይህ ሊታሰብበት ይገባል። ለእኛ «ከከተማ ውጭ» የሆነው ለሌላ ሰው የከብት መጠጫ ነው።

ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ ሸገርን በማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር የሚያስፈልገው ሥራ ጀምራለች። ዳርቻው አምሯል፤ አልክድም። ከውኃው የሚወሰደው ናሙና ውጤት ግን በድርጅት ስም በየወሩ አይለጠፍም። ይህን ማድረግ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። ውጤቱ ይፋ ቢሆን የአቤቱታ አቅራቢው ትልቁ ችግር፣ ማስረጃው፣ ግማሹ ይፈታ ነበር።

ከታች መካኒሳ ላይ ጎመን የሚያለማው ገበሬም ያንን ወረቀት ይፈልገዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2069 እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳት ይጠየቃል፤ ክሱ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ገበሬው ጎመኑ ለምን እንደቢጫ ሆነ የሚያውቀው ከዚያ በፊት ከሆነ ነው።