ፕሮስቴት ካንሰር የተገኘበት ሁሉ የአጥንት ስካን ያስፈልገዋል?

አባታችሁ ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ ጎንደር መጥተው ሆስፒታል ታዩና የናሙናው ውጤት «የፕሮስቴት ካንሰር» አለ እንበል። ቤተሰብ ወዲያው የሚጠይቀው «ወደ አጥንት ሄዶ ይሆን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው። ይህ ካንሰር ሲሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው አጥንት ላይ ነው፤ አከርካሪ፣ ዳሌ፣ ጎድን። ግን ለዚህ ብሎ በሬ ሸጦ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ስካን መነሳት የግድ ነው ወይ?

ሁሌ አይደለም።

በደም የሚለካው ፒኤስኤ ከ10 በታች፣ የናሙናው የግሊሰን ውጤት 6፣ ዕጢውም ሲዳሰስ ከፕሮስቴቱ ያልወጣ ከሆነ አጥንት ላይ የመገኘት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ስካን አይታዘዝም። ፒኤስኤ ከ20 በላይ፣ ወይም ግሊሰን 8 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ዕጢው ከፕሮስቴቱ አልፎ የወጣ ከሆነ ግን መታየት አለበት። መሃል ላይ ላሉት ውሳኔው የሐኪሙ ነው። አጥንቱን የሚያመው ሰው ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ይመርመር።

«ቢታይስ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ይጎዳል እንጂ! ለስካኑ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተጠብቆ በካሜራ ይነሳል። ንጥረ ነገሩ አጥንት ራሱን በሚጠግንበት ቦታ ሁሉ ይከማቻል፤ ካንሰርን ለይቶ አያውቅም። ዕድሜ ልካቸውን ዳገት ሲወጡ፣ ሲያርሱና ሲሸከሙ የኖሩ የደጋ አባት ደግሞ ያለቀ ጉልበት፣ የድሮ ስብራት፣ አንዳንዴም የአከርካሪ ቲቢ አያጡም። ሁሉም ስካኑ ላይ ይበራል። ከዚያ ሌላ ሲቲ፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ጭንቀት ይከተላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሊድን የሚችል ሰው «ተሰራጭቷል» ተብሎ ሊታለፍ መቻሉ ነው።

ዘግይተው የሚመጡም አሉ። ፒኤስኤው መቶዎች ገብቶ፣ ስርጭቱ በተራ ራጅ እየታየ፣ የስካን ቀጠሮ ጥበቃ ሆርሞን የሚቀንሰውን ሕክምና ማዘግየት ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

እናም ከመሳፈራችሁ በፊት የፒኤስኤውንና የናሙናውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ሐኪሙንም «ስካኑ ሕክምናውን ይቀይረዋል?» በሉት። አባታችሁ እግራቸው ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ድንገት ሽንት ከከለከላቸው ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።