መሣሪያ ስለ መያዝ፦ የሠራተኛውና የአሠሪው ግዴታ



በየገጠሩ ከተሰማሩት የፕሮጀክት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ፤ ይኸውም መንገዱ ሽፍታ የሚበዛበት ሲሆን፣ የመንግሥት ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ለራስ መከላከያ መያዝ ስለ ምን ይከለከላል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በግልጽ መመለስ ይገባናል።

ራስን መከላከል በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 22፣ የጦር ሠራዊት ሐኪሞች ራሳቸውንና ቁስለኞቻቸውን ለመከላከል መሣሪያ ቢይዙ ሕክምና ጣቢያቸው ጥበቃውን እንደማያጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ሆነ አብዛኞቹ የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው መሣሪያ እንዳይይዙ ይከለክላሉ። በመኪኖቻቸው ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ የጠመንጃ ሥዕል የሚለጠፈውም ስለዚሁ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ለዘራፊ ሽጉጡ ራሱ ከጫንነው እህል ይልቅ የሚፈለግ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ አድፍጦ የሚጠብቅ ሰው መንገደኛው መሣሪያ እንዳለው ከጠረጠረ ቀድሞ ይተኩሳል። ሦስተኛ፣ ጦርነት ባለበት አገር የታጠቀ እርዳታ ሰጪ ከተዋጊ አይለይም፤ አንዱ የያዘው ሽጉጥ ነገ ባዶ እጁን ለሚያልፈው ባልደረባው ጦስ ይሆናል።

ነገር ግን ደንቡ ሁሉን ያድናል አንልም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1996 በቼቺኒያ፣ ኖቪዬ አታጊ በነበረው የቀይ መስቀል ሆስፒታል ስድስት ሠራተኞች ሌሊት በታጣቂዎች ተገድለዋል። በሶማሊያም በ1990ዎቹ መጀመሪያ እህሉ በሌላ መንገድ ሊያልፍ ባለመቻሉ፣ ኮሚቴው ከልማዱ ውጪ የታጠቁ ጠባቂዎችን ለመቅጠር ተገዷል።

እንግዲህ ሠራተኛውን መሣሪያህን አስቀምጥ የሚል አሠሪ፣ የሠራተኛውን ደኅንነት በራሱ ጫንቃ ላይ መሸከም አለበት። ከጉዞ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአገር ሽማግሌዎች መጠየቅ፣ በጨለማ ጉዞን መከልከል፣ የመገናኛ ሬዲዮ መስጠት፣ አደጋ ቢደርስም ቤተሰቡን መደገፍ ግዴታው ነው። ከሁሉም በላይ፣ ሠራተኛው አስግቶት ከመንገድ ቢመለስ ደመወዙ ሊቆረጥ፣ ስሙም በፈሪነት ሊነሣ አይገባም።

እናንተም ምእመናን በዚህ ድርሻ አላችሁ። ለእንግዳ ክብር ብላችሁ የታጠቀ ሸኚ በመኪናችን አታሳፍሩ። እህሉ በቀጠሮው ቀን ባይደርስ፣ ለምን ዘገየ ከማለታችሁ በፊት ሰዎቹ በደኅና መግባታቸውን ጠይቁ።